ደብዛዛው ስም

የልጄ ባል መነጽር ሠሪ ነው። ሠሪ ስል ሻጭ ማለቴ አይደለም። ሻጩ ክራቫት አስሮ ከመስታወቱ ጠረጴዛ ኋላ የሚቆመው ነው። የእኛው ሰው ከመጋረጃው ጀርባ፣ አንድ ወንበርና አንድ ማሽን ብቻ በምትይዝ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሌንስ ይሞርዳል። ክቡን ሌንስ በፍሬሙ ቅርጽ ይቆርጣል፣ ጠርዙን ያሾላል፣ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፤ ከዚያ ወደ መብራቱ አንስቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል። ወደ ቤት ሲመጣ ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ ነጭ ብናኝ አለ።

"ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የምትሠራው?" ትለዋለች ልጄ።

ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስላትም። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ "ጭምቱ" የምንለው። ልጄ ግን ጭምትነትን የምታውቃት በሩቁ ነው። አውቶቡስ ትነዳለች፤ ቀኑን ሙሉ በመስታወት ወደ ኋላ እያየች ተሳፋሪ ስትገስጽ ትውልና ቤት ገብታም ያው ናት። "ወደ ውስጥ ግቡ፣ በር ላይ አትቁሙ!" ትለናለች በገዛ ቤታችን።

ጭምቱን ከልቤ ያወቅሁት ልጄን ባገባ በሰባተኛው ዓመት ነው። ዓይኔ ደከመ ብዬ ሱቁ ሄድኩ። ዓይን የሚለካው ሰው ስላልነበረ እሱው ወንበር ላይ አስቀመጠኝና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አሳየኝ። ከላይ ትልልቅ፣ ከታች ትንንሽ ፊደል ተደርድሮበታል።

"ያንብቡልኝ እማማ።"

"አይታየኝም።"

ሌንስ ቀየረ። "አሁንስ?"

"አሁንም።"

አምስት ስድስት ሌንስ ቀያየረልኝ። የላይኛው ፊደል የመስኮት መዝጊያ ያክላል፤ እኔ ግን "አይታየኝም" እላለሁ። ከኋላዬ ወረፋ የያዙ ሰዎች ነበሩ። አንዷ ሴትዮ "ምስኪን፣ ጨርሶ ጠፍቷቸዋል" ስትል ሰማኋት። ጭምቱ የሌንሶቹን ሳጥን ዘጋ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ "እማማ፣ በመስኮቱ ማዶ የምታልፈው ሴት በእጇ ምን ይዛለች?" አለኝ።

"ቀይ ጃንጥላ። አንዱ ዘንጉ ተሰብሯል።"

ሄዶ ሰሌዳውን ገለበጠና መልሶ ሰቀለው። በጀርባው በኩል ፊደል የሚባል የለም፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ የዞሩ ሹካ የሚመስሉ ምልክቶች ብቻ ናቸው። "ጣትዎን ሹካው ወደዞረበት ያዙሩልኝ" አለኝ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ለማንም ሰው እንደሚያደርገው ሁሉ። አዞርኩ። ለቅርብ ማያ የምትሆን መነጽር በዚያው ሳምንት ሠራልኝ። ፊደል አለማወቄን ወረፋ የያዘው ሰው አላወቀም። ለልጄም አልነገራትም። ልጄ እንኳ ያን ያህል ዘመን አብራኝ ኖራ "እናቴ ዓይኗ ደካማ ነው" ነበር የምትለው፤ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር "መነጽሬን ረስቼ" እያልኩ የኖርኩት እኔ ነኛ።

ከወር በኋላ አንድ ደብተርና አንድ የመመዝገቢያ ወረቀት አመጣልኝ። ከቤታችን ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ የጎልማሶች ትምህርት ይሰጥ ነበር።

"መነጽሩ ሥራ ፈታ፤ ሥራ ይፈልጋል" አለኝ።

እንዲህ ሆኖ በስልሳ ሦስት ዓመቴ ተማሪ ሆንኩ። አስተማሪያችን ከልጄ የምታንስ ልጅ ነበረች። ለያንዳንዳችን ደብተራችን ላይ ፊደሉን በእርሳስ ፈዘዝ አድርጋ ትጽፍልንና፣ "ደብዛዛው ላይ ሂዱበት" ትለናለች። እኛ በእስክሪብቶ እንሄድበታለን። እዚያ ክፍል ውስጥ አናጺ፣ ልብስ አጣቢ፣ ዘበኛ፣ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነበር፤ ሁላችንም ምላሳችንን በጥርሳችን ይዘን ደብዛዛው ላይ እንሄድ ነበር። የስሜን ሦስት ፊደላት ያለ እርሳስ እርዳታ የጻፍኩ ቀን ወረቀቱን አጥፌ ጉያዬ ከተትኩት።

የጭምቱ ትምህርት የተጀመረው ከእኔ ትምህርት ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። የሱቁ ባለቤት ለሱቁ ድረ ገጽ ሊያሠራ አንድ ባለሙያ አስመጣ። ባለሙያው ላፕቶፑን ከፍቶ ከሌንስ ማሽኑ አጠገብ ተቀመጠና አንዳች ነገር ይጽፍ ጀመር፤ ጭምቱ ምሳውን ትቶ ከኋላው ቆመ። ያን ቀን ቤት ሲመጣ ዓይኑ ሌላ ነበር። እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

"እማማ፣ ሰው የሚያየው ሥዕሉንና ቀለሙን ነው። ከጀርባ ግን ሌላ ጽሑፍ አለ። ልክ እንደ እኔ ሥራ፣ መጋረጃውን ሲገልጡት የሚሞርድ ሰው አለ!"

"ምን ብሎ ነው የሚጽፈው?"

"እሱን ነው ማወቅ የምፈልገው።"

ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛ። አንዲት ቁልፍ ጎድላው ነበር፤ የተጻፈውን የምታጠፋዋ ቁልፍ። ጭምቱ ከሌንስ ስባሪ ትክክለኛዋን ቅርጽ ሞርዶ ሠራና አጣበቃት። እስከ ዛሬ እዚያው አለች፤ ከቁልፎቹ ሁሉ እሷ ብቻ መስታወት ትመስላለች። ልጄ "የምታጠፋዋ ራሷ የማትታይ!" ብላ ሳቀችበት።

ልጄ ለመጀመሪያው አውቶቡስ ጎህ ሲቀድ ነው የምትወጣው። እሷን ሸኝቶ ሥራ እስኪገባ ድረስ ያለችው ጊዜ የእሱ ሆነች። የምሳ ሰዓቱም እንዲሁ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላም። እኔም ጠዋት እንቅልፍ የለኝም፤ ደብተሬን ይዤ ከጠረጴዛው ማዶ እቀመጣለሁ። ሁለት ተማሪ፣ አንድ መብራት። እሱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል፣ እኔም ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነባለሁ። የልጅ ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከእንቅልፏ ተነስታ ስታየን፣ "ሁለታችሁም ዳዊት ትደግማላችሁ እንዴ?" አለችን።

እኔ ደግሞ ያየሁትን ካልጠየቅሁ ሆዴን ይቆርጠኛል። ዞር ብዬ ስክሪኑን አያለሁ።

"ይኼ አፉን እንደ ጫጩት የከፈተው ምንድን ነው?"

"መክፈቻ ነው እማማ። እዚህ የከፈትኩትን እዚያ ካልዘጋሁት ገጹ ይበላሻል።"

"እንደ በር በለኛ። ታዲያ ይኼ ሁሉ ጽሑፍ ለምን ሦስት ቦታ ተከፈለ?"

"አንደኛው አጥንቱ ነው፤ ምን የት እንዳለ ይናገራል። ሁለተኛው ልብሱ ነው፤ ቀለሙን፣ ስፋቱን። ሦስተኛው ጅማቱ ነው፤ ሲነኩት እንዲንቀሳቀስ የሚያደርገው።"

"ነፍሱስ?"

አሰበና፣ "እሱን ገና አልደረስኩበትም" አለኝ።

አንድ ጊዜ ገጹ እንዳለ ወደ ቀኝ ተንሸራቶ አስቸገረው። የተከፈቱትንና የተዘጉትን ጫጩቶች በጣቴ ቆጥሬ፣ "ሦስት ጎድለዋል" አልኩት። ሲያይ አንድም አልጎደለም፤ የተሳሳተው የእኔ ቆጠራ ነበር። ጥፋቱን ግን ያን ዕለት እንደገና ሲቆጥር ሌላ ቦታ አገኘው፤ ስለዚህ ምስጋናውን ተቀብያለሁ።

ይህ ሁሉ ለዕውቀት ፍቅር ነበር። ነገሩ የተለወጠው የሱቁ ባለቤት አንድ ጠዋት መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ ነው። ከእንግዲህ ሌንሶቹ ከፋብሪካ በማሽን ተቆርጠው፣ ለፍሬሙ ተስማምተው ይመጣሉ። የመሞረጃ ክፍሏ በሦስት ወር ውስጥ ትዘጋለች። "ከፈለግህ ክራቫት እሰርና ፊት ለፊት ቁም" አለው። ጭምቱ ፊት ለፊት ቆሞ "ይኼ ፍሬም ፊትዎን ያሳምረዋል" ሲል አስቡት! ሰውየው ሰላምታ ለመስጠት እንኳ አንድ ቀን ቀድሞ ይዘጋጃል።

ስለዚህ ሌላ ትምህርት ጨመረ። ድረ ገጽ መሥራት ብቻውን እንደማይበቃ፣ ከሰው ጋር ሥራ መነጋገርም ሙያ እንደሆነ አንድ ቪዲዮ ላይ አይቶ ደብተሩ ላይ ጻፈው። የማመልከቻ ደብዳቤ አጻጻፍ። ቀጠሮ ማክበር። ያልገባን ነገር "አልገባኝም" ማለት። ከሁሉ የከበደው ደግሞ የሠራሁትን "እኔ ሠራሁት" ማለት። መኝታ ቤት ገብቶ በቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ይለማመድ ነበር።

"እኔ... እኔ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ..." ይላል፤ ከዚያ ይጠርጋል ጉሮሮውን።

"እንዴት ነው፣ ቁም ሳጥኑ ቀጠረህ?" ትለዋለች ልጄ ከበሩ ላይ።

"እናሳውቅሃለን ብሎኛል።"

ያን ዕለት ልጄ ስቃ ስቃ ግድግዳ ተደገፈች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ጭምት ሰው መቀለድ ከጀመረ ጭንቀት ገብቶታል ማለት ነው።

ብዙ ቦታ አመለከተ፤ ብዙ ቦታ መልስ አልሰጡትም። በመጨረሻ በር የከፈተለት የሚያውቀው ሥራ ነው። የመነጽር ማዘዣ ወረቀት የምትልክለት አንዲት የዓይን ክሊኒክ ነበረች። የክሊኒኳን ኃላፊ፣ ሐኪም ናት፣ ስለ አንድ ማዘዣ ሊጠይቃት ሄዶ ሽማግሌና አሮጊት በር ላይ ተሰልፈው አያቸው። ቀጠሮ የሚያዘው እንግዳ ተቀባይዋ ፊት ባለው ትልቅ ደብተር ላይ ነበር፤ ሁሉም ስሙን ለማስጻፍ በጠዋት መጥቶ ይቆማል። ጭምቱ ቁም ሳጥኑ ፊት የተለማመደውን ሁሉ ረሳና፣ "እነዚህን ሰዎች ማስቀመጥ እችላለሁ" አላት።

"ወንበር አምጥተው ነው?" አለችው።

"አይደለም፤ የቀጠሮ ገጽ ሠርቼ። በስልካቸው ይይዛሉ። ስልክ የሌለው እዚሁ መግቢያው ላይ በሚቆም ስክሪን ይይዛል።"

ኃላፊዋ ፈጠን ያለች ሴት ናት። "ይሥሩትና ለሁለት ሳምንት እንሞክረው" አለች። "ትልልቆቹ ሰዎች ከተጠቀሙበት ሥራው የእርስዎ ነው፤ ገጹንም፣ የክሊኒኩን ኮምፒውተሮችም ይይዛሉ። ካልተጠቀሙበት ወደ ደብተሬ እመለሳለሁ።"

ሁለት ሳምንቱ የሚያልቀው የመሞረጃ ክፍሏ በምትዘጋበት ሳምንት ነበር። ስለዚህ ያቺ ገጽ ከሠራች ሠራች፤ ካልሠራች ክራቫት ነው።

ገጹ ተሠራ። አምሮ ተሠራ። ለሙከራ ራሱ ሃያ ጊዜ ሞላው፣ የሥራ ባልደረቦቹ ሞሉት፣ ልጄ በአውቶቡሱ የመጨረሻ ፌርማታ ላይ ቆማ በስልኳ ሞላችው። ለእኔ አላሳየኝም። አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው፤ ግን "እማማን ላስቸግር አልፈልግም" ማለቱ እንደሆነ ገባኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሊያልቅ ሲል ኃላፊዋ ደወለችለት። ድምፅ ማጉያው ስለተከፈተ ሁላችንም ሰማን።

"ወጣቶቹ ጥሩ እየያዙ ነው። ግን አንዲት በሽተኛ አስቸገረችኝ። አሥራ አንድ ቀጠሮ ይዛለች። በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ ጊዜ ዓይኗን ታመመች?"

የበሽተኛዋን ስም ነገረችው። የልጅ ልጄ ስም ነው፤ ከነአባቷ።

ልጅቷ እግራችን ሥር ተቀምጣ ሥዕል ትቀባ ነበር። ቀና ብላ፣ "አባዬ፣ ምን አደረግሁ?" አለች።

እንግዳ ተቀባይዋ በየጠዋቱ ያንን ስም በአዳራሹ ውስጥ ትጠራለች፤ የሚነሳ የለም። ቀጠሮ የያዙት አሮጊቶች እዚያው ፊቷ ተቀምጠዋል፤ የእነሱ ስም ግን አይጠራም። እየተነሱ ተመልሰው ደብተሩ ጋ ይሰለፋሉ። ሌሎች ደግሞ ገጹን ከፍተው፣ አይተው፣ ምንም ሳይጽፉ ይዘጉታል።

ጭምቱ ነጭ ብናኙ ሳይኖርም ፊቱ ነጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በየባዶ ሳጥኑ ውስጥ ለምሳሌ ያህል በደብዛዛ ቀለም የሆነ ነገር ጽፎ ነበር። ስም በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ የልጁን ስም፣ ስልክ በሚጻፍበት ውስጥ ከራሱ የፈጠረውን ቁጥር። ድረ ገጽ ሠሪዎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ሰው መጻፍ ሲጀምር ደብዛዛው ይጠፋል። "ሳጥኑ ባዶ ሲተው ምሳሌው አብሮ እየተላከ ነው ማለት ነው፤ ኮዱ ውስጥ ስህተት አለ" አለና ፍለጋ ገባ።

አራት ቀን ፈለገ። መስመር በመስመር፣ ጫጩት በጫጩት። ሌንስ እንደሚያይ አንድ ዓይኑን እየጨፈነ ስክሪኑን ያየዋል። ምግብ ስናቀርብለት "እሺ" ይላል፤ ሳህኑ ይቀዘቅዛል። የልጅ ልጄ በየቀኑ "ዛሬስ ስንት ጊዜ ታከምኩ?" እያለች ትጠይቀዋለች፤ ለእሷ ጨዋታ ነው። ልጄ እንኳ ድምጿን ቀነሰች። አንድ ምሽት ብቻ ትከሻውን ይዛ፣ "ስማ፣ አውቶቡስ ቆሞ ሞተሩ ደህና ከሆነ ወርጄ ተሳፋሪውን ነው የማየው" አለችው። እሱ ግን አልሰማም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ላፕቶፑን ዘግቶ ክንዱን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። እኔ ደግሞ ያቺን ገጽ ሳላያት ልትሞት ነው ብዬ አሰብኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ያሳመመችን ገጽ ምን እንደምትመስል የማየት ጉጉቱ አላስቀምጥ አለኝ።

"እስቲ እኔም ቀጠሮ ልያዝ" አልኩት። "መነጽሬ ከተለካ ቆየ።"

"ይያዙ እማማ" አለ ሳይነሳ። ከዚያ ግን አክባሪ ነውና ተነሳ፤ ገጹን በልጄ ስልክ ላይ ከፍቶ ሰጠኝና አጠገቤ ተቀመጠ።

መነጽሬን አደረግሁ። ጠራርገው የሚያስቀምጡት ቤት ይመስላል፤ ነጭ፣ ሰማያዊ መስመር ያለው። የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ ፈዘዝ ብሎ የተጻፈ አለ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። የልጅ ልጄ ስም ነው! ደስ አለኝ፤ ከሁሉ ቀድሜ መጻፍ ከተማርኳቸው ስሞች አንዱ ነው። የመጀመሪያውን ፊደል ፈልጌ ነካሁ። ደብዛዛው በሙሉ ድርግም ብሎ ጠፋ።

"ውይ! አጠፋሁብህ!"

"አላጠፉም፤ ይቀጥሉ።"

ስሙን በቃሌ አውቀው የለ፤ ቀጠልኩ፤ የአባቷንም ጨመርኩ። ወደ ሁለተኛው ሳጥን ሄድኩ። ቁጥር ነው፤ ፈዘዝ ያለ። የመጀመሪያዋን ስነካ እሱም ጠፋ። ቁጥር ደግሞ በቃል አይያዝም። የነካኋትን ስሰርዛት ደብዛዛው ተመልሶ መጣ። እሰይ! ሁለት ሁለት ቁጥር በቃሌ እየያዝኩ፣ እየጻፍኩ፣ እየሰረዝኩ፣ እንደገና እያየሁ ብዙ ለፋሁ። በኋላ ነው ብልሃቱ የመጣልኝ፤ ቁጥሩን በሙሉ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩና ከዚያ ላይ እያየሁ ሞላሁት። ሩብ ሰዓት ሳይፈጅብኝ አይቀርም። ጭምቱ ከጎኔ አልተነፈሰም ብል ማጋነን አይደለም።

ጨርሼ ኮራ ብዬ ሰጠሁት።

ስልኩን አየ። እኔን አየ። በቀስታ፣ "እማማ፣ ቀጠሮው ለርስዎ አልነበር እንዴ? ስሙ ለምን የልጃችን ሆነ?" አለኝ።

"አንተ አይደለህ እንዴ የጻፍክልኝ? እኔ ደብዛዛው ላይ ሄድኩበት።"

"ምን አሉኝ?"

"ደብዛዛው ላይ ሂዱበት አይደል የሚባለው? ብቻ ያንተ ክፉ ነው፤ ሲሄዱበት ይሸሻል።"

ብድግ አለ። የት ሊሄድ ነው ስል መደርደሪያው ላይ ካሉት ደብተሮቼ ታችኛውን፣ የመጀመሪያውን ሳበ። እሱው ራሱ የገዛልኝ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ። የአስተማሪዬ እርሳስ ከሥር፣ የእኔ የተንቀጠቀጠ እስክሪብቶ ከላይ። አውራ ጣቱን እዚያ ላይ አድርጎ ዳሰሰው፤ ልክ የሌንስ ጠርዝ እንደሚዳስስ። ቆየ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ጭምቱ፣ ድምፁ ተሰምቶ የማያውቀው ሰው፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ልጄ ከመኝታ ቤት ሮጣ ወጣች።

"ምን ሆነ?"

"ኮዱ ደህና ነው" አላት። "አራት ቀን ሙሉ ሌንስ ስቀይር ነበር። መገልበጥ የነበረብኝ ሰሌዳውን ነው።"

ልጄ አልገባትም። እኔ ገባኝ። ለልጄ ነገሩን ከሥሩ ያጫወትኳት ያን ዕለት ነው፤ ስለ ቀይ ጃንጥላዋ ሁሉ።

ያኔውኑ ተቀምጦ ሳጥኖቹን ባዶ አደረጋቸው። በውስጣቸው የነበረውን አወጣና ከየሳጥኑ በላይ በጥቁር፣ በደማቁ፣ በትልቁ ምን እንደሚጻፍ ብቻ አሰፈረ። ለአንድ ሰዓት ያህል የፈጀ ሥራ ነው፤ አራት ቀን የፈጀው ግን የት እንደሚሠራ ማወቁ ነበር።

ሰኞ ኃላፊዋ ጋ ሄደ። የሙከራው ጊዜ የሚያልቀው ማክሰኞ ነው።

"አስተካክያለሁ" አላት።

"ሁሉም አስተካክያለሁ ይላል" አለችው። "ጥፋቱን እንዴት አገኙት?"

እዚህ ላይ ነበር እንግዲህ "እኔ" ማለት የነበረበት። ስንት ጠዋት ቁም ሳጥኑ ፊት የደከመባት ቃል። "ያገኙት አማቴ ናቸው" አላት። የሆነውንም ነገራት።

ኃላፊዋም፣ "ነገ ጠዋት ስክሪኑ አጠገብ እቆማለሁ" አለች። "ከስልሳ ዓመት በላይ የሆኑ ሦስት ሰዎች፣ ማንም ሳይረዳቸው፣ በገዛ ስማቸው ከያዙ እፈርማለሁ። አማትዎንም ይዘዋቸው ይምጡ፤ ላያቸው እፈልጋለሁ።"

ጠዋት ልብሴን ለብሼ ስወጣ ጭምቱ በሩ ላይ አቆመኝ።

"እማማ፣ አንድ ነገር ብቻ። ሰዎቹ ሲቸግራቸው አይናገሩ። ከተነገራቸው አይቆጠርም።"

"እኔ? መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?"

ያን ቀን ዘግይታ የምትወጣው ልጄ የአውቶቡስ ቁልፏን እያሽከረከረች፣ "ሥራው እናቴ ዝም እንድትል ከሆነ፣ በቃ ክራቫቱን ግዛ" አለችው።

የክሊኒኩ አዳራሽ ረጅም ነው፤ ሁለት ረድፍ የፕላስቲክ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ያው ሰሌዳ። ስክሪኑ መግቢያው ላይ በደረት ቁመት ቆሟል። እኔ ከሱ አንድ ክንድ ርቄ ተቀመጥኩ። ጭምቱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ኃላፊዋ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ እጇን አጣጥፋ መጣች።

መጀመሪያ አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት መጣች። ዘንቢሏን እግሯ መሃል አስቀመጠች፤ አየች፤ ቀስ ብላ ጻፈች፤ ሄደች። አንድ። ቀጥሎ ሴት ልጁ እጁን ይዛ የምትመራው ሽማግሌ መጣ። ልጅቷ "አምጣ እኔ ልንካልህ" ስትል ኃላፊዋ በጣቷ ወንበር አሳየቻት። ሽማግሌው ብቻውን ታገለ፤ አንዴ ተሳስቶ ሰረዘ፤ ጨረሰ። ሁለት።

ሦስተኛው ግንበኛ የነበረ ሰው ነው፤ በኋላ ነው የነገረኝ። አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል፤ ጣቶቹ ወፋፍራም ናቸው፤ የሲሚንቶ ጠባሳ አለባቸው። ስክሪኑ ፊት ቆመና ጣቱን አነሳ። አነሳው እንጂ አላሳረፈውም። ቆየ። ወደ ግራ ዞሮ የሚጠይቀው ሰው ፈለገ። ያለሁት እኔ ነኝ።

"እህቴ፣ እዚህ ላይ ምንድን ነው የሚጻፈው?"

ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። መነጽሬን አወለቅሁና መወልወል ጀመርኩ።

"እህቴ! ይሰማሉ?"

በቀሚሴ ጫፍ ወለወልኩ፤ እፍ አልኩበት፤ እንደገና ወለወልኩ። ጭምቱን በዓይኔ ጠርዝ አየሁት፤ እጁ ቅንድቡን ያብሳል፤ የሌለ ብናኝ። ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ደብተሩ ጋ ሊሰለፍ ነው። ሄደ አልኩ። ምላሴን በጥርሴ ያዝኩት፤ ልክ እንደዚያ ዘመን፣ ክፍል ውስጥ።

ከዚያ ሰውየው ተመለሰ። በደህናው ዓይኑ ተጠጋና ጮክ ብሎ ማንበብ ያዘ። "የ... እር... ስዎ። የእርስዎ። ሙሉ... ስም። የእርስዎ ሙሉ ስም።" ቀና አለ። "የማን? የኔ ነዋ! ታዲያ የማን ሊሆን ኖሯል!"

በአንድ ጣቱ፣ ሚስማር እንደሚመታ ሰው፣ ስሙን ከነአባቱ መታው። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ስልክ ቁጥሩን አየና እሱንም መታ። የመጨረሻዋን ቁልፍ ነካ። ከጠረጴዛው ማዶ እንግዳ ተቀባይዋ ኮምፒውተሯን አየችና ስም ጠራች። የአንድ ትልቅ ሰው ስም።

"አቤት!" አለ ግንበኛው። አዳራሹ አስተጋባ።

ኃላፊዋ ትልቁን ደብተር ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፤ ዘጋችው፤ ለእንግዳ ተቀባይዋ ሰጠቻትና፣ "መሳቢያ ውስጥ አስገቢው" አለቻት። ወደ ጭምቱ ዞራ፣ "ሰኞ ይጀምሩ" አለችው። ጭምቱ አፉን ከፈተ፤ ያ ሁሉ የቁም ሳጥን ልምምድ ነበረው፤ ግን "እሺ" ብቻ አለ። ወደ እኔ ዞሮ ግንባሩን ዝቅ አደረገ።

ግንበኛው ወንበሬ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ። ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "የመጣሁት ዓይን ክሊኒክ ነው ብዬ ነበር" አለኝ። "ጆሮ የሚታከሙትም እዚሁ ናቸው እንዴ?"

መነጽሬን መልሼ አደረግሁ። "ወንድሜ" አልኩት፣ "ከጠዋት ጀምሮ ያጠራቀምኩት ብዙ ነው፤ ከየቱ ልጀምርልዎ?"

ተራው ደርሶ ሐኪም ጋ እስኪገባ ድረስ አላቋረጥኩም።